በገጣሚው ቤት የማይጠራ ቃል

ከወደብ ከተማዋ ከሊቮርኖ ወጣ ብሎ፣ ባሕሩ የወይራ ዛፎቹን ሥር ሊነካ ጥቂት በቀረው ቦታ፣ አንድ ነጭ ቤት ነበረ። ዓሣ አጥማጆቹ «የሁለቱ ሚስቶች ቤት» ይሉታል። የመንደሩ ቄስ በደጁ ሲያልፍ ያማትባል፤ ካማተበ በኋላ ግን አንገቱን አስግጎ በመስኮቱ ሳያይ አይሄድም። ምን ያድርግ? በዚያ ዘመን ስለ ገጣሚው ሉሲየን ሃርግሬቭ ማወቅ የማይፈልግ ማን ነበረ? ሚስቱን ሳቢናንና የሚስቱን የልብ ጓደኛ ማርጀሪን በአንድ ሰረገላ ጭኖ ከእንግሊዝ አገር የኮበለለ፣ ሁለቱንም በአንድ ጣሪያ ሥር ያኖረ፣ በመጨረሻም ቬኒስ ውስጥ በሦስተኛዋ ሴት አልጋ ላይ በሳንባ ምች የሞተ ሰው ነው። ሲቀበር ዝናብ ይዘንብ ስለነበር ሦስቱ ሴቶች በአንድ ጃንጥላ ሥር ተጠግተው አለቀሱለት ይባላል።

ሰው ግን የገጣሚውን ፍቅር ሲያወራ ልጁን ይረሳል። ሉሲየን ቲዮዶራ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው። የዚህ ታሪክ እንባ የእሷ ነው።

በዚያ ቤት «እናት» የሚል ቃል አይጠራም ነበር። ሉሲየን «ልጅ የነፋስ ነው እንጂ የማሕፀን አይደለም» ብሎ የጻፈው ግጥም ለንደን ሲደርስ ጳጳሳቱ ተቆጡ፤ ወጣቶቹ ደግሞ በቃላቸው አጠኑት። በቤቱ ውስጥ ግን ነገሩ ግጥም ብቻ ሳይሆን ሕግም ነበር። ቲዮዶራ ሁለቱንም ሴቶች በስማቸው እየጠራች አደገች። ሁለቱም ገላዋን አጠቧት፣ ሁለቱም ፀጉሯን አበጠሩላት፣ ስትወድቅ ሁለቱም ሮጡ። የትኛዋ እንደወለደቻት የነገራት ግን የለም። ሕፃን ሳለች ይህ አልከበዳትም። ገና ጥርሷን ሳትነቅል ሎዛን ወዳለው አዳሪ ትምህርት ቤት ስትላክ ግን፣ አስተማሪዋ በክፍሉ ሁሉ ፊት የእናቷን ስም ጠየቀቻት። ልጅቱ ብዙ አሰበችና «ገና አልተወሰነም» አለች። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ያ ሳቅ ካደገችም በኋላ ከጆሮዋ አልወጣም... ትጸልያለች፣ ይሰማታል፤ ትተኛለች፣ ይሰማታል።

አባቷ ከሞተ በኋላ አንድ ቀን ሮክሊፍ የሚባለው አሮጌ መርከበኛ ከትምህርት ቤቱ ሊወስዳት መጣ። ይህ ሰው ለሳምንት ያህል ገጣሚውን ሊጠይቅ መጥቶ፣ ፀጉሩ እስኪሸብት እዚያው የቀረ የቤቱ ወዳጅ ነው።

«ማርጀሪ ደም እየተፋች ነው» አላት ሰረገላው ሲንቀሳቀስ። «ድረሺላት ብዬ ነው።»

«ካፒቴን፣ የወለደችኝ ማን እንደሆነች እርስዎ ያውቃሉ አይደል?»

«አንቺ ስትወለጂ እኔ ባሕር ላይ ነበርኩ። ስመለስ ሁለት ሴቶች አንዲት ሕፃን ሲቀባበሉ አገኘሁ። የማን ናት ብዬ አባትሽን ብጠይቅ ሾርባዬ እስኪቀዘቅዝ ግጥም አነበበልኝ። ከዚያ ወዲህ አፌን ዘጋሁ።»

ቲዮዶራ አልሳቀችም። ሽማግሌው ፊቷን በጎን አየት አድርጎ፣ «ጆሮሽ የማርጀሪ ይመስለኛል፤ ግትርነትሽ የሳቢና ነው። አፍንጫሽ፣ እግዜር ያጽናሽ፣ ያለ ጥርጥር የአባትሽ ነው» አላት።

ቤቱ ሲደርሱ ሳቢና እጇ በዓሣ ቅርፊት እንደተሸፈነ ወጣች። ቲዮዶራ በትምህርት ቤቱ ወግ ዝቅ ብላ «እንደምን ሰነበቱ?» አለቻት።

«ሰነበቱ?» ሳቢና ልትስቅ ሞከረች። «ሎዛን ይህን ነው ያስተማረችሽ? በዚህ ቤት አንቱ የሚባል ሰው የለም፤ አባትሽንም አንተ ነበር የምትዪው።» ከዚያ ልታቅፋት የዘረጋችውን እጅ፣ ቅርፊቱን ሰበብ አድርጋ፣ ወደ ሽርጧ መለሰችው።

ቲዮዶራ ወጥ ቤት ድረስ ተከተለቻት። «ማርጀሪ ሳትሞት ልወቅ። እናቴ ሆና ሳላውቃት ብትቀበር ምን ይውጠኛል? እናቴ ካልሆነችስ፣ አንቺ እስከ መቼ በስምሽ ስጠራሽ ትኖሪያለሽ?»

«ቃል ገብተናል።»

«ለሞተ ሰው?»

«ለሞተ ሰው አይደለም» አለች ሳቢና፣ ዓሣውን ማጽዳቷን ሳታቆም።

ማርጀሪ ወደ ባሕሩ በተከፈተው መስኮት ሥር ተኝታለች። ያ ገጣሚው አገር ያስነገረለት ውበት የት ሄደ? ከነጩ አንሶላ የሚለያት ዓይኗ ብቻ ነበር።

«ነይ፣ የኔ ነፋስ» አለቻት። ከልጅነቷ ጀምሮ የምትጠራት እንዲህ ነበር። «የምትጠይቂኝን ከፊትሽ አነበብኩት። ግን ምን ልበልሽ... እኔም አላውቅም።»

«እንዴት አታውቂም?»

«እኔና ሳቢና በአንድ ሰሞን ነው የወለድነው። እኔን የወሊድ ትኩሳት ያዘኝና ራሴን ስቼ ሰነበትኩ። የልጄን ፊት እንኳ አላየሁም። ስነቃ በቤቱ ያለችው አንዲት ሕፃን ብቻ ናት። አንዷ ሞታለች አሉኝ። የማን እንደሞተች ብጠይቅ አባትሽ፣ የሁላችንም ሞታለች፣ የሁላችንም ተርፋለች፣ አትጠይቂ አለኝ። እኔም አልጠየቅሁም። መልሱን ፈራሁት።» ከዚያ ውሃ ይዛ በሩ ላይ ወደ ቆመችው ሳቢና ዞረች። «አሁን ግን የምፈራው የለኝም። ሳቢናዬ፣ የማን ናት?»

ሳቢና የውሃውን ሳህን መሬት ላይ አስቀመጠችው። ቲዮዶራ የሁለቱንም ፊት በየተራ አየች። ዕድሜዋን ሙሉ ያሳደዳት ጥያቄ እነሆ በአንዲት ሴት ከንፈር ላይ ተንጠልጥሏል።

«ያንቺ ናት» አለች ሳቢና። «ድሮም ያንቺ ናት። የሞተችው የኔዋ ናት።»

ቲዮዶራ ከአልጋው ሥር ተንበረከከች። ያ በዚያ ቤት ተጠርቶ የማያውቅ ቃል ከአፏ ወጣ። «እማዬ።»

«እስቲ ድገሚው» አለች ማርጀሪ።

«እማዬ።»

«አሁንም።»

ደገመችላት። ደጋገመችላት... ጀንበሯ ወደ ባሕሩ ስታዘቀዝቅ «አሁንም» የሚለው የማርጀሪ ድምፅ ተቋረጠ፤ ቲዮዶራ ግን መጥራቷን አላቆመችም። ሳቢና ወጥ ቤት ገብታ ሽርጧን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ታለቅስ እንደነበር ያየው ሮክሊፍ ብቻ ነው።

የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን መናፍቅ እንግሊዛዊን በግቢው አይቀብርም። ስለዚህ በማግሥቱ ባልዶ የሚባል መቃብር ቆፋሪ አካፋውን ተሸክሞ ወደ አትክልቱ ቦታ መጣ።

«የት ላይ ልቆፍር፣ ሲኞራ?»

ሳቢና ከልቅሶ ብዛት ደንዝዛ ነበር። ቃሏን ሳትመዝን፣ «እዚያ፣ ከበለሷ ሥር» አለችው። «ከልጇ ጎን።»

ቲዮዶራ ቆማ ሰማቻት። ባልዶ መቆፈር ጀመረ። ከአጠገቡ በሣር የተዋጠች፣ ዳቦ የምታህል ድንጋይ ነበረች። ልጅ ሳለች እዚያች ድንጋይ ላይ ተቀምጣ በለስ ትበላ ነበር።

«ከልጇ ጎን አልሽው» አለች ቲዮዶራ። «የማርጀሪ ልጅ እኔ አይደለሁም እንዴ?»

ሳቢና መሬት ላይ ተቀመጠች።

«ራሷን ስታ ሳለች ልጇ ሞተች። በዚህ እጄ ነው የቀበርኳት። ማርጀሪ ስትነቃ ጡቷ ወተት ሞልቶ ልጄን ስጡኝ አለች። ምን ልበላት? አንቺን ሰጠኋት። ስታጠባሽ ትኩሳቷ በረደ፤ ሳቀች። ከዚያ በኋላ ይህችስ የኔ ናት ልል ብዬ ስንት ጊዜ አፌን ከፍቻለሁ... እንቢ አለኝ። እኔን እናት ብትዪኝ እሷ ምን ልትሆን ነው? ስለዚህ ቃሉ ከቤቱ ይውጣ አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት።»

«የአባቴ ግጥምስ? ነፋሱስ?»

«አባትሽ በቤቱ ያገኘውን ሁሉ ግጥም ያደርግ ነበር። እኔ ለጓደኛዬ አዘንኩላት፤ እሱ ፍልስፍና አደረገው።»

በለንደን ጳጳሳት የረገሙት፣ ወጣቶች ያጠኑት፣ አገር ለአገር የተወራው ያ ሁሉ ነውር ሥሩ ይህ ነበር? አንዲት እናት ወተቷን እየዋጠች የሰጠችው ምጽዋት!

ቲዮዶራ ተጠመጠመችባት። «እማ...» ስትል ሳቢና አፈር በነካው እጇ አፏን ሸፈነችው።

«ተይ፣ ልጄ። ያን ቃል ለሷ ሰጥተሻታል፤ ከሬሳ ላይ ጌጥ አይገፈፍም። አፍሽን የፈታሽው በምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ቢና ብለሽ ነው። ሳቢና ማለት አቅቶሽ። ያን ቀን እዚህ በለስ ሥር ብቻዬን ቆሜ አለቀስኩ። ስሜ መሆኑን ረስቼ ነበር፤ ያ ሌላው ቃል ነበር የመሰለኝ።»

የአካፋው ድምፅ ቆመ። ባልዶ ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ባሕሩ ዞረ።

«ቢና» አለች ቲዮዶራ።

«አሁንም» አለች ሳቢና።

ወይ ዕጣ! ለአንዷ ቃሉን ያለ ልጅ፣ ለሌላዋ ልጅን ያለ ቃሉ ታድላለህ። ቄሱ በዚያ ሰዓት በደጁ ሲያልፍ እንደ ልማዱ አንገቱን አሰገገ። ከተከፈተ መቃብር አጠገብ አንዲት ሴት ሌላዋን እንደ ሕፃን ታቅፋ አየ። ስለዚያ ቤት ብዙ ነገር ያውቅ ይመስለው ነበር። ያን ቀን ግን ማማተቡንም ረስቶ፣ ቀስ ብሎ አለፈ።