ሃያ ስድስት ኪሎ

ሮዳስን ወንድ አያስዋሻትም፣ አያስሮጣትም፣ አያስለቅሳትም።

ይህን ያለችው ራሷ ሮዳስ ናት። ያውም ወደ ጠባሴ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ ሁለት ጓደኞቿ በአንድ ልጅ የተነሳ ሲነፋረቁ አይታ፣ ሹፌሩ ሳይቀር በመስታወቱ እስኪያያት ድረስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «እኔን የሚያንበረክክ ወንድ ደብረ ብርሃን ውስጥ ገና አልተወለደም!» አለች። የሰማት ሁሉ አመናት። እሷም ራሷን አመነች።

ሃያ ዓመቷ ነው። አንድ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቅ ውስጥ ተቀጥራ ለሰው ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ፎርም ትሞላለች፣ ጉርድ ፎቶ ታነሳለች። ያን ሰሞን ግን ሥራዋ ሁሉ አንድ ሆኖ ነበር፤ እትዬ ይርጋለምን መርከብ ላይ ማሳፈር።

እትዬ ይርጋለም የእናቷ ታላቅ እህት ናቸው። አትላንታ ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት አረጋውያንን ሲንከባከቡ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ አንኮበር ላይ ቤት ሠርተው ገቡ። ፓስፖርታቸው የአሜሪካ ነው፤ ብርድ ሲመጣ ግን ጋቢያቸውን የሚደርቡት እንደ አንኮበር ሰው ነው። አብረዋቸው ይሠሩ የነበሩ ሁለት አሜሪካውያት ጡረተኞች «ዘንድሮ አውሮፓን በመርከብ እንዞራለን፤ አንቺም ነይ» ብለው ጻፉላቸው። መርከቡ ከባርሴሎና ተነስቶ የፈረንሳይንና የጣሊያንን ወደቦች ይዞራል። እትዬ ይርጋለም በስድሳ አራት ዓመታቸው መርከብ ቀርቶ ጀልባ ላይ ወጥተው አያውቁም። ስለዚህ ኢንተርኔቱም ሱቁም ወዳለበት ወደ ደብረ ብርሃን መጥተው እህታቸው ቤት ሰፈሩ።

ዝግጅቱ ዝግጅት እንዳይመስላችሁ! ፓስፖርታቸው ከጉዞው በኋላ ስድስት ወር እንደሚቀረው ሮዳስ በጣቷ ቆጠረች። ኮፒውን በሦስት ቦታ አስቀመጠች። የጤና መድን አስገባች። መርከቡ የራት ልብስ የሚለበስበት ምሽት ስላለው ረጅም ቀሚስ ተሰፋ። አዲሱ የእግር ጉዞ ጫማ እንዳይልጣቸው እትዬ ይርጋለም በየጠዋቱ አድርገውት ሰፈሩን ይዞሩበት ጀመር። የአሜሪካ ስልካቸው ቻርጀር አውሮፓ ሶኬት ውስጥ አይገባም ተባለ፤ ሮዳስ ከጎረቤት ሱቅ ማቀያየሪያ ገዝታ መጣች፤ ለካ አውሮፓና ደብረ ብርሃን ሶኬታቸው አንድ ነው። የመርከቡን ፎርም ስትሞላም አክስቷ አጠገቧ ተቀምጠው ያጽፏት ነበር።

«በሰኔ ጾም ስለሆነ ሥጋም ወተትም አልበላም በይ። ዋና አልችልም በይ። ባሕር አይቼ አላውቅም፣ እፈራለሁም በይ።»

«እትዬ፣ እፈራለሁ ብሎ የሚጽፍ ሰው አለ እንዴ?»

«የሚፈራ ሰው ይጽፋል።»

የቀረው ሻንጣው ነበር። አንድ ሻንጣ፣ ሃያ ሦስት ኪሎ፤ ከዚያ ካለፈ አይሆንም። ቤት ውስጥ ሚዛን የለም። ሮዳስ ሻንጣውን ባጃጅ ላይ ጭና ወደ እህል በረንዳ ወሰደችው።

የአቶ ወልደ ሰንበት መጋዘን በር ላይ አንድ ወጣት የጤፍ ጆንያ ከሚዛን ያወርዳል። ቅንድቡ ላይ ሳይቀር የዱቄት ብናኝ አለ።

«እዚህ የሚመዘነው እህል ብቻ ነው?» አለችው።

«እንደ አመጣጡ ነው» አለና ቀና አለ። ቀና እንዳለም ቀረ።

ቴዎፍሎስ ነው ስሙ፤ የአቶ ወልደ ሰንበት ልጅ። ሻንጣውን እንደ ትራስ አንስቶ ወለሉ ላይ ካለው የሚዛኑ ሰፊ ብረት ላይ አስቀመጠው፤ ከጀርባው ቆሞ እጁን አስደገፈበት።

«ወዴት ነው ጉዞው?»

«አውሮፓ። በመርከብ።»

«ማን?»

እዚህ ላይ ሮዳስ «አክስቴ» ማለት ነበረባት። አራት ፊደል ነው። ግን ልጁ ዓይን ዓይኗን እያየ ነበር፤ አስተያየቱ ደግሞ ከመጣችበት ባጃጅ የበለጠ ትልቅ ነገር ላይ የተሳፈረች አስመሰላት።

«ሻንጣውን የያዘው ማን ይመስልሃል?» አለች።

ቴዎፍሎስ ቁጥሩን አየ። ከሃያ ሦስት ማለፍ እንደሌለበት ነገረችው። «ሃያ ስድስት ኪሎ። ሦስት ኪሎ ይበልጣል። ቀንሺና ነገ አምጪው።»

እትዬ ይርጋለም በሶውን አስወጡ፤ አንድ ጥንድ ጫማም አብረው አወጡ። በማግስቱ ሮዳስ ጸጉሯን ተሠርታ ሻንጣውን ይዛ ሄደች። ለሻንጣ ጸጉር አይሠሩም፤ እሷም ታውቃለች።

«ሃያ ስድስት» አለ ቴዎፍሎስ።

«እንዴ! በሶና ጫማ አውጥቻለሁ እኮ!»

«ጉሙ ነው። የደብረ ብርሃን ጉም ልብስ ውስጥ ሲገባ ይከብዳል።»

ማንንም የማታምነው ሮዳስ አመነችው። በጉም!

ከዚያ ስለ መርከቡ ጠየቃት። ከፎርሙ ላይ ያነበበችውን ሁሉ ዘረገፈችለት፤ የካፒቴኑን እራት፣ ክፍሉን፣ ወደቦቹን። እሱ እየሰማ ከእጁ ላይ የጤፍ ፍሬ ያራግፋል፤ ስታቆም ቀና ይላል፤ ቀና ሲል እሷ ወደ ጆንያዎቹ ታያለች። የተቆለሉትን ጆንያዎች ሁለቴ ቆጠረቻቸው። ዘጠኝ ነበሩ፤ አንዴ ግን አሥራ አንድ ሆኑባት።

በሦስተኛው ቀን ሚዛኑን ሳያይ ጠየቃት።

«ትመለሻለሽ?»

«ባሕር ያየ ሰው ምን ሊያደርግ ይመለሳል?» አለች፤ ለማሳመር ነበር።

የቴዎፍሎስ ፊት ጨፈገገ። «አባቴ መዘዞ ከተማ አዲስ መጋዘን ከፍቶ እዚያ ተቀመጥ እያለኝ ነው። ወር ሙሉ ዛሬ ነገ ስለው ነበር። አንቺ ከመጣሽ ወዲህማ ጭራሽ ላልሄድ አስቤ ነበር። ከሄድሽ ግን እኔም ሐሙስ እሄዳለሁ። እዚህ ማንን ብዬ እቆማለሁ?»

ሮዳስ አፏን ከፈተች። ግን አሁን እውነቱን ብትናገር በእሱ ዘንድ ምን ሆና ትቀራለች? «ሃያ ስድስት ነው?» አለች ብቻ። «ሃያ ስድስት ነው» አለ እሱም።

ባጃጅ ውስጥ ዓይኗን ስትጠርግ ሹፌሩ «ምነው እህቴ?» አላት።

«አቧራ ነው።»

«በዚህ ዝናብ?»

«ዝም ብለህ ንዳ!»

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ይርጋለም ወገባቸውን ያዙ። «ሦስት ቀን ሙሉ ልብሴን ስታስወጪኝ ከረምሽ። ሻንጣው ውስጥ የራት ቀሚሴና የጥርስ ብሩሼ ብቻ ሊቀሩ ነው። ዛሬ ራሴ ነኝ የማስመዝነው!» ብለው ባጃጅ ሊጠሩ ወጡ።

ሮዳስ ቀድማ ደርሳ ለቴዎፍሎስ እውነቱን ልትነግረው በጓሮ በር ወጥታ ሮጠች። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቷ እየዋጣት፣ የትምህርት ቤት ልጆች እየሳቁባት ሮጠች። ስትደርስ የአክስቷ ባጃጅ መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ አገኘችው። ሻንጣው ሚዛን ላይ ወጥቷል።

«ሃያ ስ—» ብሎ ጀመረ ቴዎፍሎስ።

እትዬ ይርጋለም ቁጥሩን አላዩም። መነጽራቸውን አድርገው ወደ ታች አጎነበሱ።

«ልጄ፣ እግርህን አንሳ።»

«እ?»

«ጫማህን ከብረቱ ላይ አንሳልኝ።»

የጫማው ጫፍ ሚዛኑ ላይ ነበር። ሲያነሳው ቁጥሩ ወደ አሥራ ሰባት ወረደ።

«ሃያ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ስመዝን ኖሬአለሁ» አሉ እትዬ ይርጋለም። «ግድግዳ የሚደገፈውም፣ ኪሱ ድንጋይ የሚከተውም አይጠፋኝም።»

ግማሽ ኩንታል ጤፍ ገዝታ ልታስጭን የቆመች ሰርካለም የምትባል ደንበኛ ወገቧን ያዘች። «የኔንም ጤፍ እንዲህ ነዋ የመዘንከው!» አቶ ወልደ ሰንበትም ከውስጥ ወጡ። በዚያ በረንዳ ሠላሳ ዓመት ሲሸጡ በሚዛናቸው የተጠራጠረ ሰው አልነበረም።

ቴዎፍሎስ ፊቱ ጠቆረ። «የእርስዎ ልክ ነው፤ እንደገና ይመዘን» አላት ሰርካለምን። «እግሬን ያስቀመጥኩት ለዚህ ሻንጣ ብቻ ነው።»

«ለምን?» አሉ አባቱ።

«ነገ ተመልሳ እንድትመጣ።»

የሰው ሁሉ ዓይን ጭቃ በጭቃ ሆና በሩ ላይ ወደቆመችው ሮዳስ ዞረ። ጤፉ እንደገና ሲመዘን ልክ ሆነ፤ እንዲያውም ምራቂ ነበረበት። ሰርካለም «እሰይ! እኔንም እንዲህ የሚመልሰኝ ባገኘሁ!» ብላ ሳቀች።

ቴዎፍሎስ ግን አልሳቀም። «ምን ዋጋ አለው፤ እሷ እንደሆነ አውሮፓ መሄዷ ነው።»

«ማን ናት የምትሄደው?» አሉ እትዬ ይርጋለም።

«ሮዳስ።»

«ይህች? ፓስፖርት እንኳ የላትም! የምሄደው እኔ ነኝ!»

ቴዎፍሎስ ሮዳስን አያት። ረጅም አስተያየት ነበር። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር ብላ ተመኘች፤ አልተቆጣም፤ ያ ነው የባሰው።

«እኔ የዋሸሁሽ በጫማ ጫፍ ነው» አላት ዝቅ ብሎ። «አንቺ ግን በመርከብ ሙሉ።»

ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። አቶ ወልደ ሰንበት ከኋላው «ሐሙስ ጠዋት መኪናው ይነሳል፤ ዕቃህን አዘጋጅ» ሲሉት ተሰማ። «እሺ» አለ።

ሐሙስ እትዬ ይርጋለምም ወደ አዲስ አበባ የሚወርዱበት ቀን ነበር። በሶው ተመልሶ ሻንጣው ውስጥ ገብቷል። ሚኒባሱ እስኪሞላ ሲጠብቁ አክስቷ ዞር ብለው አይዋት፤ ዓይኗ አብጧል።

«ፎርሜን ስትሞዪ ምን ብዬ አጻፍኩሽ?»

«ዋና አልችልም፣ ባሕር አላየሁም፣ እፈራለሁ።»

«ታዲያ ከመርከቡ አወረዱኝ?»

«አላወረዱዎትም።»

«በይ ሂጂ። እኔ ሻንጣዬን እጎትታለሁ።»

እህል በረንዳ ስትደርስ አይሱዙው ጆንያ ጭኖ ጨርሷል። የቴዎፍሎስ ቦርሳ ጋቢናው ውስጥ ይታያል። እሱ ሸራውን እያሰረ ሳያያት ተናገረ።

«ዛሬ ደግሞ ምን ሊመዘን ነው?»

«ምንም። ባዶ እጄን ነው የመጣሁት።»

ገመዱን ማጥበቁን ቀጠለ።

«መርከብ አይቼ አላውቅም» አለች ሮዳስ። «ሐይቅም አላየሁም። ከጎረቤታችን ከጫጫ ወዲያ የሄድኩት ሁለቴ ነው። የነገርኩህን ሁሉ ከአክስቴ ፎርም ላይ ነው ያነበብኩት። ሻንጣው ግን... ሃያ ሦስት ነው ብትለኝ ኖሮም በማግስቱ ምክንያት ፈልጌ እመጣ ነበር። አትሂድ ልልህ አልመጣሁም። ውሸቴን ይዘህ እንዳትሄድ ብዬ ነው።»

ሹፌሩ ክላክስ ነፋ። ቴዎፍሎስ እጁ ገመዱ ላይ ቀረ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጉም ይከብዳል ስልሽ አምነሽኝ ነበር?»

ሮዳስ መሬት መሬት አየች። «አዎ።»

«ከልብሽ?»

«ከልቤ። ለማንም እንዳትናገር!»

መጀመሪያ ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ ሳቁ አመለጠው። እሷም ሳቀች፤ እየሳቀች እንባዋ መጣ፤ እሱም በጤፍ በነጣ አውራ ጣቱ ጠረገላትና ጉንጯ ላይ ነጭ መስመር ቀረ። ሹፌሩም ሁለተኛ ክላክስ ለመንፋት አፈረ።

«ለአባቴ ቃል ሰጥቻለሁ፤ መሄዴ አይቀርም» አለ ቴዎፍሎስ በመጨረሻ። «ግን መዘዞ አውሮፓ አይደለም። እሑድ እሑድ እመለሳለሁ። በመጀመሪያው እሑድ ደግሞ እናቴ ጋ እወስድሻለሁ።»

«ለምን?» አለች፤ እያወቀች።

«ሰኞ ሰኞ ማንን እንደምናፍቅ ትወቅልኛ።»

መኪናው ሲሄድ ሮዳስ ጭሱ ውስጥ ቆማ እጇን ስታውለበልብ ቆየች። አቶ ወልደ ሰንበት ከበሩ ላይ አይተዋት፣ ምንም ሳይሉ፣ ጉንጯን በጣታቸው አመለከቷት። ዱቄቱን አልጠረገችውም።

እሑድ ጠዋት ከእትዬ ይርጋለም ፎቶ መጣ። ረጅሙን ቀሚስ ለብሰው፣ ከኋላቸው ሰማያዊ ውሃ ብቻ። የድምፅ መልእክትም ነበረው፤ «አላጥወለወለኝም። ምስር ሠርተውልኛል፤ ጨው የለውም። ልጁስ?»

ልጁ ነጭ ነጠላ ለብሶ የእነ ሮዳስ በር ላይ ቆሞ ነበር።

እናቱ ወይዘሮ አሰለፈች የሚኖሩት ከመጋዘኑ ጀርባ ነው። ሮዳስ መንገዱን ሙሉ ምን እንደምትል ስታጠና፣ ቴዎፍሎስ «ዝም ብለሽ ሰላም በያቸው» ሲላት ቆየ። እሷ ግን ዝም ብላ ሰላም የምትል ልጅ አይደለችም። በሩ ሲከፈት አገጯን ቀና፣ ደረቷን ነፋ አድርጋ ሁለት እርምጃ ወደ ሳሎኑ ገባች።

«እማማ፣ እንደምን አደሩ! ይኸው መጥቻለሁ። ልጅዎ ከእንግዲህ ምንም አይጎድለውም፤ እንደኔ ያለች ምራት ደግሞ ሌላ ቦታ አያገኙም፤ ቤትዎንም አሳምርልዎታለሁ!»

ወይዘሮ አሰለፈች ከእግሯ እስከ ራሷ አይዋት። እንደገና ወደ እግሯ ተመለሱ።

«ቤቱ ይቆየን። ወለሉን አሁን ነው የወለወልኩት፤ ጫማሽን አውልቂና ግቢ!»