አባባ ውዱእ እያደረገ ነው

ጂን መኖሩን ቁርኣን ነግሮናል፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም፣ ግን ሰው «ቤቴ ውስጥ እንዲህ አየሁ፣ እንዲህ ሰማሁ» ሲል አንድም ቀን አምኜ አላውቅም። እኔ አየር ጤና ሰፈር ሞባይል የምጠግን ሰው ነኝ፣ ሙያውን ማንም አላስተማረኝም፣ የተበላሸ ስልክ እየፈታሁ በራሴ ነው የተማርኩት፣ እና ከዚያ ሥራ የተማርኩት ነገር ቢኖር ድምፅ ካለ ድምፁን የሚያወጣ ነገር እንዳለ ነው፣ ፈልጎ ማግኘት ብቻ ነው። አሁን የምነግራችሁን ግን ፈልጌ አላገኘሁትም።

ታናሽ እህቴ ሰሚራ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ አምና ለአንድ ሴሚስተር ፖላንድ ሄዳ እንድትማር ዕድል አገኘች። እናታችን ልጆች ሳለን ስለሞተች ኮልፌ ያለው ቤት ውስጥ እኔና አባባ ብቻ ቀረን። ሰሚራ በሄደች በሁለት ወር ከአሥር ቀኗ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አባባ ሱብሒ ሰግዶ ጋደም እንዳለ በዚያው ቀረ። ልቡ ነው አሉን። የዚያኑ ቀን ቀበርነው።

ለቅሶው ላይ የአባባ ታላቅ እህት እትዬ ዘይነባ ከአስኮ መጥተው ሁላችንንም ሰበሰቡን። «ልጅቷ ፈተናዋን ሳትጨርስ ማንም ትንፍሽ እንዳይል» አሉ። «መርዶ በስልክ ይነገራል? ሰው አገር ማን አቅፏት ታለቅሳለች? ስትመጣ በሽማግሌ፣ በወጉ ትረዳለች።»

«እስከዚያ ስትደውል ምን ልበላት?» አልኳቸው።

«አንተ እንደሆንክ ቃል ቆጥበህ ነው የምትናገር፣ አሁን ሁለት ሦስት ጨምርበት» አሉኝ።

ሰሚራ የምትደውለው ረቡዕና ቅዳሜ፣ እዚህ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥሪዎች ኔትወርክ የተበላሸ አስመስዬ ዘጋሁት፣ ሦስተኛውን ግን አነሳሁ። ረቡዕ ነበር፣ ለቀስተኛው ተበትኖ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ።

«አባባን አገናኘኝ» አለች።

«ውዱእ እያደረገ ነው።» መግሪብ ስለደረሰ አፌ ላይ የመጣልኝ እሱ ነበር።

«እኔ ስደውል ነው እንዴ መታጠብ የሚያምረው? በል ዱዓ አድርግልኝ በለው፣ እዚህ ብርዱ አጥንት ይሰብራል።»

ስልኩን ዘግቼ ወደ በረንዳው ወጣሁ። ማንቆርቆሪያው፣ ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ከበሩ ጀርባ የደፋሁት፣ ሲሚንቶው ላይ ቆሟል፣ ከአፉ ውሃ ይንጠባጠባል። ልብ በሉ፣ የእኛ ቧንቧ ውሃ የሚመጣው ሐሙስና እሁድ ብቻ ነው። ከማንቆርቆሪያው እስከ በሩ አምስት እርጥብ የእግር ኮቴ ነበር፣ ጎንበስ ብዬ በስልኬ መብራት አየሁት፣ የግራው አራት ጣት ብቻ ነው። አባባ ጋራዥ ሲሠራ ክሪክ ወድቆበት የግራ እግሩን አውራ ጣት አጥቷል። ጎረቤት ገብቶ ይሆናል አልኩ፣ ማንም ይለዋል፣ እናንተም ብትሆኑ ትሉታላችሁ።

ቅዳሜ ደወለች። «ጉንፋን ይዞት ተኝቷል» አልኳት። ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ ስለነበር የምሰማው እሷን ብቻ ነው፣ የስልኩ ማይክ ግን ክፍሉን ይሰማል። «ደረቱ ላይ ወርዷል እኮ» አለች፣ «ሲስል ይሰማኛል፣ ሐኪም ቤት ውሰደው እንጂ፣ ምን ታያለህ?»

ማዳመጫውን ነቀልኩት። ቤቱ ጸጥ ብሏል። እሷን በሆነ ምክንያት ሸኝቼ ወደ አባባ ክፍል ገባሁ፣ ጠቅልዬ በገመድ ያሰርኩት ፍራሽ አልጋው ላይ ተዘርግቷል፣ መሃሉ ሰርጉዷል፣ እጄን ሳሳርፍበት ይሞቃል። እመኑኝ፣ የእጄ ሙቀት እንዳይሆን ብዬ ዳርና ዳሩንም ነካሁት፣ ዳሩ ቀዝቃዛ ነው።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁት ነገር እስካሁን ያሳፍረኛል። በቀጣዩ ረቡዕ ሰሚራን ሳይሆን ነገሩን ለመፈተን ዋሸሁ። በረንዳው ላይ ያለውን መስታወትና መደርደሪያውን ቀድሜ በጨርቅ ጠረግሁ፣ የበረንዳውን በር ከውስጥ ቆለፍኩ፣ ስትደውል «ፂሙን እያስተካከለ ነው» አልኳት። ስጨርስ ከፍቼ ወጣሁ። መደርደሪያው ላይ መቀሱ ተከፍቶ ተቀምጧል፣ ከሥሩ ነጭ ፀጉር አለ፣ እንደ አባባ ፂም ጫፉ በሂና የቀላ፣ አጭር አጭር።

ለእትዬ ዘይነባ ነገርኳቸው። ብዙ አልገረማቸውም፣ «ሐዘን ነው ልጄ፣ ብቻህን እያደርክ ነው» ብለው ቁርኣን ቀሩብኝ፣ ከዚያ «ለፈተናዋ አሥር ቀን ቀራት፣ አሁን ብትሰማ ሁሉን ጥላ ትመጣለች፣ የሴሚስተሩ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው፣ አባትህም ያንን አይወድም» አሉኝ።

ከፈተናዋ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የደወለችው ቅዳሜ ነበር። ሰላምታም አልሰጠችኝ።

«እውነቱን ንገረኝ። አባባ ሄዷል?»

«የት?»

«ታውቃለህ የት። ከሄደ ንገረኝ፣ አሁኑኑ ትኬት ቆርጬ ልምጣ።»

ምን ልበላት? በአክስቴና በእሷ መሃል፣ በፈተናውና በአባባ መሃል ቆሜ፣ «የት ይሄዳል፣ እቤት ነው» አልኩ። ስታለቅስ ሰማኋት፣ ልቧ እንዲያርፍላት ብዬ ጨመርኩበት። «የትም አይሄድም ሰሚ። እቤት ነው፣ የትም አይሄድም።»

የዚያን ቀን ምንም አልተሰማም፣ ምንም አልታየም፣ እኔም አበቃ ብዬ ደስ አለኝ።

ሰሚራ ፈተናዋን በጥሩ ውጤት ጨርሳ መጣች። ያረፈችው አስኮ ነበር፣ በማግሥቱ ገና ሳይነጋ ሽማግሌዎቹ ሄደው በወጉ አረዷት። በሦስተኛው ቀን እዚያው አስኮ እኔ ያለሁበት ክፍል ገብታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች፣ ፊቷ አብጧል።

«ሲስል የሰማሁትስ?»

«አላውቅም» አልኳት፣ እውነቴን ነው።

«አንተ ስልክ ታውቃለህ። በሕይወት እያለ ቀርጸኸው ነው ያሰማኸኝ። የአባቴን ሳል።»

አይደለም አልኩ፣ ወላሂ አልኩ። ማንቆርቆሪያውን፣ ፍራሹን፣ ፀጉሩን ብነግራት ከዚያም የባሰ ውሸት ይመስላት ነበርና ተውኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አታናግረኝም፣ የምትኖረው እዚያው አስኮ ነው።

እኔ ኮልፌ ነኝ። ብዙ አስቤበታለሁ፣ ውዱእ ያልቃል፣ የተኛ ይነቃል፣ ፂምም ተስተካክሎ ያልቃል፣ «የትም አይሄድም» ላልኩት የመጨረሻ ቃሌ ግን ማለቂያ አልሰጠሁለትም። ባለፈው ሳምንት መግሪብ ላይ የአባባ ክፍል በር ፊት ቆሜ፣ ጮክ ብዬ፣ «አባባ ሞቷል» አልኩ። ሰሚራ ስልኩ ላይ የለችም፣ የሚሰማኝ ሰው የለም፣ የዋሸሁትን በዋሸሁበት ቤት ልሽረው ብዬ ነው።

ከውስጥ ነጠላ ጫማ ወለሉ ላይ ሲጎተት ሰማሁ፣ ጫማዎቹን በሙሉ ሰደቃ ከሰጠሁ ወራት አልፈዋል፣ ቀስ እያለ ወደ በሩ መጣ፣ እኔ ከቆምኩበት በእንጨቱ ውፍረት ያህል ርቀት ላይ ሲደርስ ቆመ፣ እና አልተመለሰም።