ባለ ስድስት እሳቱ ምድጃ

«ማሬሻሎ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። እናቴን የገደላት እኔ የመረጥኩላት ምድጃ ነው?»

ጂልዳ ፋንቱዚ በጣልያን ተራሮች ባለችው ካስታኔቶ የካራቢኔሪ ፖሊስ ጣቢያ አዛዥ፣ ማሬሻሎ፣ ከሆነች ወዲህ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ጠይቋታል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ገጥሟት አያውቅም። የጠየቀቻት ሎሬዳና ሁለት እጆቿን በሹራቧ እጅጌ ውስጥ ደብቃ በኩሽናው ደጃፍ ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር። ከውስጥ እናቷ እማማ ዘሊንዳ ራሳቸውን በጠረጴዛው ላይ አስደግፈው፣ እንቅልፍ እንዳሸነፈው ሰው ዝም ብለዋል። ጉንጫቸው እንደ ልጃገረድ ጉንጭ ቀልቷል። ሐኪሙ ያንን ቅላት አይቶ ራሱን ነቅንቆ ነበር። እሳት ሲታፈን የሚያወጣው፣ ሽታ የሌለው መርዝ ነው።

«አሁን መልስ የለኝም» አለች ጂልዳ። «እስካገኝ ድረስ ግን በራስዎ ላይ አይፍረዱ።»

«ምን መልስ ያስፈልገዋል?» ብሎ ጮኸ የሎሬዳና ወንድም ኦሪያኖ ከኋላ። አስከሬኑን ያገኘው እሱ ነው፤ ቤቱ ከእናቱ ቤት በታች፣ ከወይኑ ማሳ ማዶ ነው። «እሳት የሌለውን፣ የኤሌክትሪኩን እንግዛ ስል ማን ሰማኝ? ያንን አውሬ ቤቷ ያስገባሽባት አንቺ ነሽ!»

ሎሬዳና ግንቡን ተደግፋ ቁጭ አለች።

አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ ጂልዳ በኩሽናው ብቻዋን ቀረች። ምድጃው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተዘረጋ፣ ስድስት እሳት ያለው፣ ቁልፎቹ ነሐስ፣ ድስት ማስቀመጫው ወፍራም ብረት ነው። እንዲህ ያለ ምድጃ በትልልቅ ምግብ ቤቶች እንጂ በገበሬ ቤት አይታይም። በትልቁ እሳት ላይ የመዳብ ድስት ተቀምጧል፤ ውስጡ ለእሑድ ምሳ የተጣደው የሥጋ ሱጎ አርሮ እንደ ጥቀርሻ ሆኗል። ከወለሉ ከፍ ብሎ በግድግዳው ላይ አንድ ክብ ቀዳዳ አለ። ቀዳዳው በግራጫ የሱፍ ካልሲ ጥርቅም ብሎ ተደፍኗል።

መስኮቶቹ ወለል ብለው እንደተከፈቱ ትልቁን እሳት ለኮሰችው። እሳቱ ዝቅ ያለ፣ ሰማያዊ፣ ድምፅ የሌለው ሆኖ ነደደ። አጠፋችው። ከዚያ ድስቱን ገልብጣ ቂጡን ጠረገችው። ጣቷ ጥላሸት ሆነ።

ጣቷን በመሐረብ ጠርጋ መሐረቡን አጣጥፋ በኪሷ ከተተችው።

* * *

«ስትመርጥ እንደ እናቴ የሚያስቸግር ሰው አላየሁም» አለች ሎሬዳና፣ በማግስቱ በጣቢያው ተቀምጣ። «ዕድሜዋን ሙሉ በእንጨት ምድጃ ነው ያበሰለችው። ወገቧ እንጨት መሸከም ሲያቅተው ነው እሺ ያለችው። ድስቷን በፎጣ ጠቅልላ ከተማ ወረደች፤ በሱቁ ያለው ምድጃ ሁሉ ላይ እያስቀመጠች ‹ይሄ ያነክሳል፣ ይሄ ይንሸራተታል› ትላለች። ሻጩ ሊሞት ነው! ‹እሳቱን አሳየኝ› አለችው። ‹እዚህ ጋዝ አልተገጠመም› ሲላት፣ ‹ታዲያ በጉን ሳላይ ቆዳውን ልግዛ?›»

ሎሬዳና ሳቀች፤ ሳቋ ወዲያው ወደ ለቅሶ ዞረ።

«ይህኛውን ማን መረጠው?»

«እኔ። ብረቱ ከባድ ስለሆነ ድስቱ አይንቀሳቀስም፤ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ። እሳቱ ቢጠፋ ጋዙ ራሱን የሚዘጋ ነው። እሱን ሁሉ ጠይቄ ነው የገዛሁት፣ ማሬሻሎ። ምን ይደርስባት ይሆን ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነው የገዛሁት።»

«ካልሲውስ?»

«ቀዳዳውን ምድጃውን የገጠመው ኢቫኖ ነው የበሳው፤ ጋዝ ያለበት ኩሽና አየር ይፈልጋል፣ ሕግም ነው። እሷ ‹ቤቴን በሳችሁት፤ ማጅራቴን ንፋስ መታኝ› አለች። በመጣሁ ቁጥር አወጣዋለሁ፤ ስሄድ መልሳ ትደፍነዋለች።»

ጂልዳ ይህን ለማመን አልተቸገረችም። በዚያ ተራራ ሰው ከተኩላ ይልቅ ንፋስ ይፈራል። የገዛ እናቷም እንዲሁ ነበሩ።

የኦሪያኖ ሚስት ፋቢዮላ ቁጡ ናት፤ ስትናደድ ግን አትዋሽም።

«አማቴ እኔን አትወደኝም ነበር» አለች። «ድስቷን ሳጥብላት ብቻ ትወደኝ ነበር። ከመሞቷ በፊት በነበረው እሑድ በሆምጣጤና በጨው ፈትጌ ቂጡን እንደ ወርቅ አብርቼላታለሁ። ‹አሁን ምራት ሆንሽ› አለችኝ። የመጨረሻ ቃሏ ያ ነው፤ ምርቃት ይሁን ስድብ እስካሁን አልገባኝም።»

«በአዲሱ ምድጃ ሲያበስሉበት ቆይተው ነው ድስቱን ያጠቡላቸው?»

«ምድጃው ከገባ ወር አልፎታል። ድስቱ አልጠቆረም ነበር፤ ሱጎ ብቻ ነው የፈሰሰበት። እሷ እንኳ እሳቱን አልወደደችውም። ‹ይሄ ሰማያዊ ነገር እሳት ነው? የመቃብር ሻማ ነው። አይጮህ፣ አይልስ› እያለች በሁላችንም ፊት ሎሬዳናን አሳፈረቻት።»

ምድጃውን የገጠመው ሽማግሌው ኢቫኖ ደግሞ ቆቡን በእጁ እያሻሸ መጣ። ፈርቷል።

«ማሬሻሎ፣ እኔ ላይ እንዳይመጣ» አለ። «ምድጃው ከፋብሪካ ሲመጣ ለከተማው የቧንቧ ጋዝ ተብሎ ነው። እኛ ተራራ ላይ ያለነው የሲሊንደር ጋዝ ነው የምናነደው፤ እሱ ይበረታል። ስለዚህ በየእሳቱ ሥር ያለችውን፣ ጋዙ የሚወጣባትን የነሐስ ብሎን አውጥቼ ቀዳዳዋ ጠበብ ያለችውን አስገባሁ። ስድስቱንም። ያወጣኋቸውን በከረጢት አድርጌ ለእማማ ሰጠኋቸው፤ ዕቃው የባለቤቱ ነው።»

«እንደቀየሯቸው በምን አውቃለሁ?»

«ካጠበቅሁ በኋላ ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ አደርግባታለሁ፤ ሰው ከነካት ቀለሙ ይሰነጠቃል። ባለቤቴ ‹የማንን ጥፍር ስትቀባ ውለህ ነው?› ትለኛለች።»

«ሰፊዋን ብሎን በሲሊንደር ጋዝ ያነደደ ሰውስ?»

ኢቫኖ ቆቡን ማሻሸቱን ተወ። «እሳቱ ቢጫ ይሆናል፤ ያገሳል፤ የድስቱን ጎን ይልሳል። መርዝም ይተፋል። ቀዳዳው ክፍት ከሆነ ራስ ያዞራል። ከተደፈነ ግን...»

ኦሪያኖ የመጨረሻው ነበር። ዓይኑ አብጧል። የቀኝ እጁ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ጫፋቸው በፕላስተር ተጠቅልሏል።

«ቡና ላጠጣት ጠዋት ስመጣ ያንን አየሁ» አለ። «ጋዙን አጠፋሁ፣ መስኮት ከፈትኩ፣ ደወልኩላችሁ። ሌላ ምንም አልነካሁም።»

«ድስቱንስ?»

«እዚያው ነው የተውኩት።»

«ጣትዎን ምን ነካው?»

እጁን ወደ ኪሱ ከተተ። «ቤት ውስጥ ነው። ብረት ስበይድ።»

እሱ ከወጣ በኋላ ጂልዳ ቦሎኛ ለምትማረው ልጇ ደወለች።

«እማዬ፣ ምነው፣ ደህና ነሽ?»

«በተከራየሽው ክፍል ኩሽና ግድግዳ ላይ ቀዳዳ አለ?»

«አለ፤ ትራስ ጠቅጥቀንበታል። ብርድ ነዋ!»

«አሁን ተነሽና አውጪው። ስልኩን ሳትዘጊ አውጪው፤ ልስማሽ።»

* * *

ከቀብሩ በኋላ ጂልዳ አራቱንም በእማማ ዘሊንዳ ኩሽና ሰበሰበቻቸው። ሎሬዳና ምድጃውን ላለማየት ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«ሁላችሁም ምድጃው ገደላት ትላላችሁ» ብላ ጀመረች ጂልዳ። «እስኪ ምድጃውን እንጠይቀው።»

ትልቁን እሳት ለኮሰችው።

«ሰማያዊ ነው። ሰማያዊ እሳት ድስት አያጠቁርም። ወር ሙሉ አላጠቆረም፤ ፋቢዮላ አጥባዋለች፣ ታውቃለች። ይህ ድስት ግን በሞቱበት ዕለት ቂጡ ጥላሸት ነበር። ስለዚህ በዚያ ሳምንት እሳቱ ተለውጦ ነበር ማለት ነው። እኔ ስደርስ ደግሞ ተመልሷል።»

«ኢቫኖ አበላሽቶት ይሆናላ» አለ ኦሪያኖ።

«እኔ?» ሽማግሌው ከወንበሩ ተነሣ። «አንተን በክርስትና ያነሣሁህ እኔ ነኝ፣ አንተ ልጅ!»

«ኢቫኖ ቢሳሳት ኖሮ ድስቱ ከመጀመሪያው ቀን ይጠቁር ነበር» አለች ጂልዳ። እሳቱን አጥፍታ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀች፤ ከዚያ ብረቱን አነሣች። «ከስድስቱ ብሎኖች የአምስቱ ቀይ ቀለም ደህና ነው። የዚህች የትልቁ እሳት ቀለም ተፍቋል። አንድ ሰው አውጥቶ መልሷታል።»

ከኪሷ ትንሽ ከረጢት አወጣች። እማማ ዘሊንዳ ክርና መርፌ በሚያስቀምጡበት ሣጥን ያገኘችው ነው። ብሎኖቹን በጠረጴዛው ላይ ዘረገፈቻቸው።

«ኢቫኖ እነዚህን እሳት ሳይነድባቸው ነው ያወጣቸው። አምስቱ እንደ አዲስ ያበራሉ። ይህች ግን እሳት ጠብሷታል።»



«እኔም መጥቼ ነበር፤ ልቀይራት እችል ነበር» አለች ሎሬዳና በደከመ ድምፅ፣ ወደ መስኮቱ እንዳየች። «ፋቢዮላም። ማንም።»

«ለመቀየሩ፣ አዎ፣ ማንም» አለች ጂልዳ። «ለመመለሱ ግን አይደለም። እማማ ዘሊንዳ በሰፊዋ ብሎን ሱጎ ጥደው ነው የሞቱት። እሳቱም እስኪገኙ ድረስ ይነድ ነበር። ስለዚህ ብሎኗ የተመለሰችው ከሞቱ በኋላ፣ እኔ ከመድረሴ በፊት ነው። በዚያ መካከል እዚህ የገባ አንድ ሰው ብቻ ነው። ምድጃው ገና እንደ ፍም ነበር፤ ያ ሰው ግን እስኪቀዘቅዝ የሚጠብቅበት ጊዜ አልነበረውም። እንዲህች ያለች ትንሽ ብሎን በሁለት ጣት ነው የምትያዘው።» አውራ ጣቷንና ሌባ ጣቷን ገጥማ አሳየች።

ፋቢዮላ የባሏን እጅ ከኪሱ መዝዛ አወጣችና ፕላስተሩን አየች።

«በብየዳ ነው አልከኝ» አለች።

ኦሪያኖ ወንበሩ ላይ ወደቀ። ትልቁ ሰውዬ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«‹እሳት የለኝም› ትለኝ ነበር» አለ። «በየቀኑ። ‹ልጆቼ ሻማ ገዙልኝ።› ከረጢቱን አሳየችኝና ‹እነዚህ ሰፋ ያሉ አይደሉም?› አለችኝ። ቀየርኩላት። እሳቱ ዘሎ ድስቱን ሲልስ አጨበጨበች፣ በእግዚአብሔር! ‹እሳት ማለት ይሄ ነው፤ ወንድ ልጅ ወልጃለሁ› አለችኝ። ለሎሬዳና እንዳትነግሪ አልኳት። ካልሲውን አይቻለሁ። ብርድ እንዳይመታት ብዬ ተውኩት።»

«ከዚያስ?» አለች ጂልዳ።

«ከዚያ ጠዋት ገባሁ።» ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «ገና ከበሩ ገባኝ። እጄ ብቻውን ነው የሠራው። ብሎኗን መለስኩ፣ ድስቱን መለስኩ። ከዚያ ሎሬዳናን ስታለቅስ ሳያት... አንድ ሰው ጥፋተኛ መሆን ነበረበት። እኔ እንዳልሆን ፈለግሁ።»

ሎሬዳና ወንበሯን ቀስ ብላ አዞረች። ለመጀመሪያ ጊዜ ምድጃውን ፊት ለፊት አየችው።

«ምድጃው አልነበረም» አለቻት ጂልዳ። «በደንብ መርጠዋል።»

«አውቄዋለሁ» አለች ሎሬዳና። ድምፅዋ ግን የዳነ ሰው ድምፅ አልነበረም። ወደ ወንድሟ ዞረች። «ብትነግረኝ ኖሮ አብሬህ አለቅስ ነበር፣ ኦሪያኖ። አብረን ነበር የምናለቅስላት። አንተ ግን በሬሳዋ ፊት ገዳይ አደረግኸኝ።»

«ይቅር በይኝ።»

«ዛሬ አልችልም። ስችል እነግርሃለሁ።»

ፋቢዮላ ካፖርቷን ለበሰች። «ሌሊት ሌሊት ስትጮህ ‹እናትህን አስበህ ነው› ብዬ ራስህን ሳሻሽ ነበር» አለችው። «ለካ የምትጮኸው የገዛ እህትህን እየቀበርክ ኖሯል።»

ኢቫኖ ቆቡን ደፍቶ የክርስትና ልጁን ትከሻ ነካ። ጂልዳ ብሎኖቹን በከረጢቱ መልሳ አሸገችው። ለዐቃቤ ሕግ የምትነግረውን በልቧ እያዘጋጀች በሩን ከፈተች፤ የኅዳር ጉም እስከ ደረጃው ድረስ ወጥቶ ነበር።

ኦሪያኖ ከማሬሻሎዋ ጋር በመኪና ወረደ። ፋቢዮላ በዚያው ሳምንት ልብሷን ይዛ እናቷ ዘንድ ገባች። ሎሬዳና በከተማ ያለውን ቤቷን ለቅቃ በእናቷ ቤት ቀረች።