ኖራ ያልነካት ሙሽራ

የሩቅያ ሬሳ ከማግለያው ጎጆ ጠፋ።

ሙሽራ ነበረች። ከጅዳ ያመጣቻት ጀልባ ውስጥ ፈንጣጣ ስለተገኘ፣ መንገደኞቹ በሙሉ ከሱዋኪን ወደብ ማዶ ባለችው ደሴት ተዘግቶባቸዋል። የእንግሊዙ ሐኪም ትእዛዝ ደግሞ ርኅራኄ የሚባል አልፈጠረበትም። በፈንጣጣ የሞተ አይታጠብም፤ ኖራ ተነስንሶበት ይቀበራል። ሬሳ የነካ ያልተከተበ ሰው ከሕሙማኑ ጋር ይዘጋበታል። እንዲያ ገብቶ በሕይወት የወጣ እስካሁን አልታየም።

"የነካትን ሁሉ ይዘህ ና" ተባለ አሥር አለቃ ኡኑር።

መጀመሪያ ባሏን ጠረጠረ። ባልየው ግን በትኩሳት ራሱን ስቷል። ቀጥሎ ዘበኛውን ኦሼክን ያዘው።

"በሩን ማን ከፈተ?"

"እኔ ምን አውቄ።"

"ቁልፉ ማን ጋ ነው?"

"እኔ ጋ።"

"ታዲያ ጂን ነው የከፈተው?"

ኦሼክ አንገቱን ደፋ። "እኔ ነኝ። የተሸከምኳትም እኔ ነኝ፤ ተከትቤያለሁ። ከዚህ በላይ ብትገድለኝም አልናገርም።"

መቃብሩን ግን ከደሴቲቱ ጀርባ አሳየው። እሱም የተከተበ ነውና ኡኑር አሸዋውን ገለጥ አደረገ። የተገነዘችበት ከፈን ንጹሕ ነው፤ የሬሳ ሽቶው ካፉር ይሸታል። ጸጉሯ ሦስት ቦታ ተጎንጉኗል፤ የታጠበችበት የቁርቁራ ቅጠል ሽርፍራፊ ቀርቶበታል። የሴት ሬሳ ደግሞ ወንድ አያጥብም። ከከተማው አጣቢ ሴቶች ፈንጣጣው ያስተረፈው አንዲቷን ብቻ ነው።

እሷም ያሳደገችው አክስቱ ሲትና ናት።

ወደ ከተማ ተሻግሮ ቤቱ ሲደርስ አክስቱ ደጃፍ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች። ልጆቹን ጎረቤት ልካቸዋለች።

"አክስቴ፣ አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።"

"ምን ነካሽ? ክንዴን ለወንድ አላሳይም ብለሽ ክትባቱን እንኳ እምቢ ያልሽ ሰው።"

"ልጅቷ ሳትሞት በኦሼክ ላከችብኝ። ሳልታጠብ ኖራ ውስጥ እንዳትጥሉኝ አለች። ምን ልበላት?"

"አላገኘሁም ብዬ ልመለስ።"

"ልጆችህስ? እዚሁ ከነሱ ጋር ላድር ነው? በል ተነስ፣ ውሰደኝ።"

ማልቀስ አማረው፤ እምባው ግን እምቢ አለው። ታንኳዋ ላይ አሳፍሯት መቅዘፍ ጀመረ። ደሴቲቱ ስትቃረብ ሲትና ነጠላዋን አጣፋች።

"ኡኑርዬ፣ እኔንስ ማን ያጥበኝ?"

ኡኑር መቅዘፉን አላቆመም።