የጸሎት ርዕስ

«የጓደኛዬ እናት ትጠጣለች» አለች ሚጢ፣ ድምፅዋን እያለሰለሰች። «ሰክራ ስትገባ የገዛ ልጇን ‹ማነሽ አንቺ?› ትላታለች። በጸሎት አስቧት።»

የቤተ ክርስቲያኑ የወጣቶች ክፍል ባንድነት «ውይ» አለ። ሐሜት ኃጢአት ስለሆነ እዚህ ክፍል ማንም ሰው አያማም፤ የጸሎት ርዕስ ያቀርባል እንጂ። ጓደኛዋ፣ ገጣሚዋ፣ የዚያን ቀን አልመጣችም። በእሁዱ ጉባኤ ፊት ግጥም እንድታነብ ከሚጢ ይልቅ የተመረጠችው እሷ ነበረች። ሚጢ ይህኛውን የጸሎት ርዕስ አላደረገችውም።

በሳምንቱ ገጣሚዋ መጣች። ትምህርቱ የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ነበር፤ በስደት ዘመን የወንድሞቻቸውን ስም ለወታደር አሳልፈው ስለሰጡ፣ ስደቱ ሲያልፍም ተመልሰው ደጁን ስላንኳኩ ክርስቲያኖች።

«እናንተ ብትሆኑ ታስገቧቸዋላችሁ?» አለ አስተማሪው።

«ዕድሜ ልካቸውን ደጅ ይቁሙ!» አለች ሚጢ።

«ኧረ ያሳዝናሉ» አለች ሬዲዮ። ሬዲዮ የተባለችው ወሬ ስለማታሳድር ነው።

«ስም ሲሰጡ ያስቡበት ነበራ!»

ከዚያ ገጣሚዋ ለልምምድ ቆመች። ግጥሟ ስለ ጴጥሮስ ነው፦

«እሳት እየሞቅሁኝ ከጠላቶቹ ጋራ፣
አላውቀውም አልኩኝ ስሙ ገና ሲጠራ...»

«እናትሽም እንደዚያው ናት አሉ!» አለ ቀጭኔ የሚሉት ረጅም ልጅ ከኋላ ወንበር። እንደ ሰካራም አንገቱን ጣል አድርጎ «ማነሽ አንቺ?» አላት።

ክፍሉ አፉን በእጁ ይዞ ሳቀ። አስተማሪው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ቁጣ ይሁን ሳቅ አልለየም።

ገጣሚዋ ወረቀቷን አጥፋ ሚጢ አጠገብ ተቀመጠችና እጇን ጭምቅ አድርጋ ያዘቻት። ከዚያ ዞራ አንድ በአንድ አየቻቸው። ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

«አንቺ ነሽ» አለቻት ሬዲዮን።

«እኔ? ወይ ጉዴ! ዛሬ እንኳ እኔ...» ሬዲዮ ንግግሯን አቋርጣ ሚጢን አየቻት። ጠበቀች። የሚያውቁት ሁሉ ዝም አሉ፤ አብረው ጸልየውበታላ።

«ከእሷ ጋር አንድ ክፍል አልቀመጥም» አለች ገጣሚዋ። ቀጥላ በሚጢ ጆሮ «ለአንቺ ስነግርሽ ተደብቃ ሰምታን ነው አይደል?» አለቻት።

አስተማሪውም አብሮ ስለጸለየ ያውቃል። «እስቲ ለዛሬ ውጪላት የኔ ልጅ» አላት ሬዲዮን፣ መጽሐፉን እየገለጠ።

ሬዲዮ ቦርሳዋን አንስታ ወደ በሩ ሄደች። እጀታውን ያዘች።

«ተመለሺ፤ እሷ አይደለችም» አለች ሚጢ። የዛሬው ድምፅዋ ደረቅ ነው።

ገጣሚዋ ፊቷን ወደ ሚጢ አዞረች። እጇን ገና አልለቀቀቻትም።