አንገትና ኮሌታ

መምህሩ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ታርዷል። ራሱ ወደ ኋላ ተንጋልሏል፤ ደሙ ደረቱን አልብሶ ወንበሩ ሥር ረግቷል። ከኋላው ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ካት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በትልቁ ተጽፏል፤ ከሥሩም ትርጉሞቹ፦ መቁረጥ፣ ማሳጠር፣ ማቋረጥ፣ መለያየት።

ያገኘችው ክፍሉን ለመጥረግ ማልዳ የመጣችው የአንድ ተማሪ እናት ናት። ያስደነገጣት ግን ሬሳው ብቻ አልነበረም። ወለሉ ላይ የወደቀው ቢላ የሥጋ ቆራጩ ልጇ ነው።

በዚህ የጎልማሶች ትምህርት ቤት አንድ ቃል በተማሩ ቁጥር እያንዳንዱ ተማሪ ቃሉ በገዛ ሥራው እንዴት እንደሚያገለግል ከመሣሪያው ጋር መጥቶ ያሳያል። በዋዜማው ልጇ ቢላውን፣ ልብስ ሰፊዋ መቀሷን፣ ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አምጥተው ትምህርቱ ሳያልቅ ስለመሸ ጠረጴዛው ላይ ትተዋቸው ነበር። መጨረሻ የወጡትም እነዚህ ሦስቱ ናቸው።

ይባስ ብሎ ልጇ ያን ዕለት መምህሩን አንቆታል። መምህሩ የእንግሊዝኛ አነጋገሩን ሰምቶ «ያንተ እንግሊዝኛ የሚገባው ለበሬ ብቻ ነው» ብሎ ክፍሉን አስቆበት ነበርና።

መርማሪዋ ስትደርስ ልጁ በካቴና ታስሯል። እናት እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል መርማሪዋ ክንዷን ይዛ አስቀመጠቻት። ከዚያ ሬሳውን ዞረችው። ወንበሩ አልተነቃነቀም፤ የሟቹ ጥፍሮች ንጹሕ ናቸው፤ የሸሚዙ ኮሌታ ዙሪያውን ወደ ውስጥ ታጥፏል።

ሦስቱንም ለየብቻ ጠየቀች። ልጁ ይቅርታ ጠይቆ እንደወጣ ተናገረ። ልብስ ሰፊዋ ከሁሉም ቀድማ መሄዷን ነገረቻት፤ ከዓይኗ ሥር የበለዘ ነገር ነበር። የማን እጅ እንደሆነ ስትጠየቅ በመስኮቱ ውጭ ወደቆመው ፀጉር አስተካካይ አየች። ባሏ ነበር፤ በቅርቡ ጥላው ወጥታለች።

«ሲያንቀው ሁላችንም አይተናል» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ቢላውም የሱ። ሌላ ምን ቀረሽ?»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ሲባል አልሰማህም?» አለችው።

ሬሳው ከተነሣ በኋላ ሁሉንም አጠገቡ ባለው ክፍል ሰበሰበች። አንዱን ፖሊስ ወንበር ላይ አስቀምጣ የልጁን ካቴና አስፈታች። ማስመሪያ እያቀበለች፣ ከኋላው ቆመው አንገት እንዴት እንደሚቆረጥ እንዲያሳዩ አዘዘች።

ልጁ የፖሊሱን ግንባር ጨምድዶ ወደ ኋላ ገነደሰው።

«ቀስ በል ወንድሜ፣ ሥጋ ቤት አይደለንም» አለ ፖሊሱ።

ልብስ ሰፊዋ ማስመሪያውን በሩቁ ይዛ የፖሊሱን አንገት ሳትነካ መለሰችው። ፀጉር አስተካካዩ ቀረበ። ጣቶቹ ወደ ፖሊሱ ኮሌታ ሄደው በእርጋታ ወደ ውስጥ አጠፉት፤ ከዚያ መዳፉን ግንባሩ ላይ አሳረፈ። የሚያደርገውን ያወቀው ያኔ ነው። እጁ ደረቀ።

«ሟቹ አልታገለም» አለች መርማሪዋ። «ወዶ ነው አንገቱን የሰጠው። ላነቀው ሰው ማን አንገቱን ይሰጣል? ለፀጉር አስተካካይ ግን ይሰጣል፤ ቃሉን በምላጭ ሊያሳየው መስሎት ተቀመጠ። የሟቹም ኮሌታ ልክ እንዲሁ ታጥፎ ነበር፤ አራጅ ለኮሌታ አይጨነቅም። ያንተ እጅ ግን ሳታዘው ሥራውን ሠራ። ቢላውን የመረጥከው ደሙ በሌላ ሰው ላይ እንዲቀር ነው። የቀረኝ ምክንያቱ ነው።»

«መለያየትም ‹ካት› ነው ብሎ አስተማራት!» ብሎ ጮኸ ፀጉር አስተካካዩ። «ከዚያ ወዲያ አልፈራችኝም!»

ዘሎ የሚስቱን ጉሮሮ ያዘ። ሥጋ ቆራጩ በቡጢ አገጩን ሲለው ወንበር ሰብሮ ወደቀ፤ አፉ ደም ሞላ።

ፖሊሱ ካቴናውን አነሣ። እናት ልጇን ዳግም ሊያስረው መስሏት ፊቱ ሄዳ እጆቿን ዘርግታ ቆመች። «እኔን» አለች ድምፅዋ እየተቆረጠ፣ «እኔን እሰሩኝ።»

ፖሊሱ «ይቅርታ እናቴ፣ ያሳልፉኝ» ብሎ በጎኗ አለፈና መሬት ወደወደቀው ሰው ጎንበስ አለ።