ተዪያቸው

ፀደንያ ኪቦርዱ ላይ «ኬ»ን ስትነካ ስክሪኑ አሁንም ድርቅ አለ። ሦስተኛ ጊዜው ነው። የውድድሩ ዳኞች ሊገቡ ሃያ ደቂቃ ብቻ ቀርቷል።

«ኪቦርዱን የሚያዘውን ክፍል የጻፈው ማነው?» አሉ የኮምፒውተር ክበቡ አስተማሪ፣ ሚስተር ኪፕሮኖ።

«እኔ ነኝ ሰር» አለች ማዕዶት።

«እንግዲያው አንቺ አታቀርቢም። ፀደንያ ብቻዋን ታቅርብ።» ስልካቸው ጮኸና ወጡ።

የማዕዶት ዓይን እንባ ሞላ። ወደ ላቪንግተን የሚወስዳት ማታቱ፣ ሚኒባሱ፣ እያመለጣት ሦስት ወር ሙሉ የለፋችበት ሥራ ነው።

የክበቡ ትንሽ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ከርነል፣ ማለትም ልቡ፣ የተጻፈው በአሴምብሊ ነው፤ ማሽኑን እያንዳንዷን እርምጃ በየመስመሩ ካልነገሩት የማይሰማ ነዝናዛ ቋንቋ። ቅዳሜ ዕለት የማዕዶትን አርባ መስመር ወደ ሃያ ስምንት ያሳጠረችው ፀደንያ ናት። ሚስተር ኪፕሮኖ አስጨብጭበውላታል። «ሞክረሽዋል?» ሲሏትም ዓይኗን ሳታሽ «አዎ» ብላለች። አልሞከረችውም።

አሁን የድሮውን ፋይል ከፈተች። ካጠፋቻቸው መስመሮች ከሁለቱ አጠገብ ማዕዶት በአማርኛ «ተዪያቸው» ብላ ጽፋለች።

«ይኸው፣ ራስሽ ተዪያቸው ብለሻል!»

«አትንኪያቸው ማለቴ ነዋ!»

«እኔ እኮ ይቅሩ ያልሽ መስሎኝ... ዲሊት አደረግኳቸው።»

ማዕዶት ትክ ብላ አየቻት። «ኪቦርዱ ሲነካ ማሽኑ የያዘውን ሥራ አቋርጦ ወደ ኪቦርዱ ይሄዳል። አንዷ መስመር በእጁ የነበረውን ቁጥር ታስቀምጥለታለች፣ ሌላዋ ትመልስለታለች። ያለ እነሱ ምን ይሥራ? ይደርቃል።»

ፀደንያ ሁለቱን መስመሮች ወደ ቦታቸው መልሳ «ኬ»ን ነካች። ፊደሏ ስክሪኑ ላይ ብቅ አለች።

«ፖሌ፣ ማዕዲ» አለቻት። ይቅርታው ከአፏ ሲወጣ በጣም ትንሽ ሆነባት።

በሩ ተከፈተ። ሚስተር ኪፕሮኖ ከዳኞቹ ቀድመው ገቡና ስክሪኑን አዩ።

«አስተካከልሽው? እኔ እኮ ድሮም አውቃለሁ፣ አንቺ ጎበዝ ነሽ!»

ማዕዶት አንገቷን ደፋች። ሰው ፊት የምትከራከር ልጅ አይደለችም፤ ፀደንያም ይህን አሳምራ ታውቃለች። ፈገግ ብትል ነገሩ እዚሁ ያልቃል። ዳኞቹ በሩ ላይ ደርሰዋል።

«ሰር» አለች ፀደንያ። «ያበላሸሁትም እኔ ነኝ። ቅዳሜ አልሞከርኩትም።»

የአስተማሪዋን ፊት ለማየት አልደፈረችም። ተነሣችና ወንበሩን ወደ ማዕዶት ገፋችው።